ፀሐይ የአቃቂን ውሃ ለምን አታጸዳውም?

ጥያቄው የመጣው ከአንድ የኬሚስትሪ መምህር ነው። ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ፀሐይ ውሃ ውስጥ ሃይድሮክሲል ራዲካልና ሌሎች ሪአክቲቭ (ካገኙት ነገር ጋር ወዲያው የሚዋሃዱ) የኦክስጅን ዓይነቶችን እንደምትፈጥር፣ እነሱም ብክለትን እንደሚሰባብሩ ለተማሪዎቼ ነገርኳቸው። አንዷ እጇን አውጥታ ‹ታዲያ የአዲስ አበባን ፍሳሽ የሚሸከመው የአቃቂ ወንዝ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲመታው እየዋለ ለምን አይጸዳም?› አለችኝ። ለመሆኑ ፀሐይ የተበከለ ውሃን ታጸዳለች ወይስ ታባብሰዋለች?»

መምህር፣ ተማሪዎ የነካችው ትክክለኛውን ቦታ ነው። እርስዎም የነገሯቸው ስህተት የለበትም፤ ፀሐይ አቃቂ ላይ በየቀኑ ትሠራለች። ችግሩ ሌላ ነው። እነዚያን ቁጡ የኦክስጅን ዓይነቶች የሚያስፈጥረውም፣ ገና ከመፈጠራቸው የሚውጣቸውም ያው ቆሻሻው ራሱ ነው። በዚያ ላይ ብርሃኑ ከውሃው የላይኛው ንጣፍ አልፎ ብዙም አይዘልቅም። ስለዚህ «ታጸዳለች ወይስ ታባብሳለች» የሚለው መልስ ስለ የትኛው ኬሚካል፣ ስለ ስንት ሴንቲሜትር ጥልቀትና ስለ የትኛው ወር እንደምናወራ ይለያያል።

ከመነሻው ልጀምር። ከ290 ናኖሜትር ገደማ በታች ያለውን ጨረር ኦዞን ከላይ ያስቀረዋል። ተርፎ መሬት የሚደርሰው ብርሃን የንጹሕ ውሃን ሞለኪውል መስበር አይችልም፤ ብርሃኑን የሚቀበል ሌላ ነገር ያስፈልጋል። በአብዛኛው ወንዝና ሐይቅ ይህ ነገር የሟሟ ኦርጋኒክ ቁስ ነው። ከበሰበሰ ቅጠል፣ ከአፈርና ከአልጌ ይመጣል፤ በከተማ ወንዝ ደግሞ ከሽንት ቤትና ከወጥ ቤት ፍሳሽ። ውሃውን የሻይ ቀለም የሚያስይዘው እሱ ነው። አንድ የዚህ ቁስ ሞለኪውል የብርሃን ቅንጣት ሲውጥ ለጥቂት ማይክሮሰከንዶች ትሪፕሌት በሚባል የተቀሰቀሰ ሁኔታ ውስጥ ይቆያል። በዚያች ቅጽበት አጠገቡ የሟሟ ኦክስጅን ካገኘ ጉልበቱን ያሻግርለታል፤ ኦክስጅኑም ሲንግሌት ኦክስጅን የሚባለው፣ ጉልበት የተሞላው ዓይነት ይሆናል። ይህ በተፈጥሮ ውሃ ውስጥ እንደሚካሄድ ሪቻርድ ዜፕና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1977 አሳይተዋል።

ያው ቁስ ጉልበት በማሻገር ፈንታ ኤሌክትሮን ከሰጠ ኦክስጅኑ ሱፐርኦክሳይድ ይሆናል። ሱፐርኦክሳይዶች እርስ በርሳቸው ሲገናኙ ደግሞ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ይወጣል። ኩፐርና ዚካ እ.ኤ.አ. በ1983 የወንዝና የከርሰ ምድር ውሃ ፀሐይ ላይ አስቀምጠው ፐሮክሳይዱ ሲጠራቀም ለክተዋል። ከአራቱ ዋና ዋና ዓይነቶች ረጅም ዕድሜ ያለው እሱ ነው፤ ባክቴሪያዎችና አልጌዎች በኢንዛይም እስኪያፈርሱት ድረስ ለሰዓታት፣ አንዳንዴም ለቀናት ይቆያል። «ፐሮክሳይድ አለ» ሲባል ግን በፋርማሲ የሚሸጠው እንዳይመስላቸው። የፋርማሲው ባለ 3 በመቶ በሊትር 30 ግራም ነው። ፀሐያማ ሐይቅ ውስጥ ብዙ ተገኘ በሚባልበት ሰዓት በሊትር 10 ማይክሮግራም ገደማ ነው። ልዩነቱ ሦስት ሚሊዮን እጥፍ ነው።

የእርስዎ ሃይድሮክሲል ራዲካል በብዙ መንገድ ይመጣል። ናይትሬት ብርሃን ሲመታው ይሰበርና ይሰጣል። ናይትራይት በዚህ ረገድ ከናይትሬት ይበልጣል፤ ምክንያቱም በ354 ናኖሜትር አካባቢ፣ ማለትም ፀሐይ በብዛት በምትለግሰው ጨረር ላይ ነው ብርሃን የሚውጠው። የናይትሬት ግን 302 ናኖሜትር አካባቢ፣ የፀሐይ ብርሃን እየሳሳ በሚሄድበት ጠርዝ ላይ ነው። ከኦርጋኒክ አሲዶች ጋር የተጣበቀ ብረትም ብርሃን ሲመታው ወደ ሁለት ቫለንት ብረት ይለወጥና ከላይ ካነሳነው ፐሮክሳይድ ጋር ተገናኝቶ ራዲካሉን ያወጣል፤ ተማሪዎችዎ የፌንተን ሪአክሽን ብለው የሚያውቁት ነው። ኦርጋኒክ ቁሱ ራሱም ይሰጣል።

አቃቂ ላይ ግን አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ያልታከመ ፍሳሽ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን በአብዛኛው አሞኒየም ነው። አሞኒየም የፀሐይ ብርሃን አይውጥም፤ ራዲካልም አይሰጥም። ባክቴሪያዎች ወደ ናይትራይትና ናይትሬት እስኪቀይሩት ድረስ ለፀሐይ የሌለ ያህል ነው። እነዚያ ባክቴሪያዎች ደግሞ ያለ ኦክስጅን አይሠሩም። ውሃው ጠቁሮ የበሰበሰ እንቁላል በሚሸትበት ክፍል ኦክስጅኑ አልቋል ማለት ነው፤ እዚያ ናይትሬት አይሠራም፣ ሲንግሌት ኦክስጅንም ሱፐርኦክሳይድም የሚሠሩበት ጥሬ ዕቃ የለም። ከፍታችንም አይረዳም። በባሕር ጠለል ላይ 20 ዲግሪ የሆነ ውሃ በሊትር 9 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል፤ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ግን ንጹሕ ውሃ እንኳ 7 ገደማ ነው የሚይዘው። ሰው ብዙ ጊዜ የሚረሳው ይህን ነው። ፀሐይዋ ብርቱ ብትሆንም ውሃው መተንፈስ ካቆመ የምትሠራበት ነገር የላትም።

አሁን ወደ ሂሳቡ እንግባ፤ የተማሪዋ መልስ ያለው እዚህ ነው። ጠንካራ ፀሐይ የሚያገኝ ውሃ ውስጥ የሃይድሮክሲል ራዲካል መጠን ብዙውን ጊዜ በሊትር ከ6 ሚሊዮን እስከ 60 ሚሊዮን ቢሆን ነው። ቁጥሩ ትልቅ ይመስላል። ነገር ግን አንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ያሉት የውሃ ሞለኪውሎች 33 ተጽፎ 24 ዜሮ የሚከተለው ቁጥር ናቸው። ሲንግሌት ኦክስጅን በሺህ እጥፍ ይበዛል፤ በሊትር 60 ቢሊዮን አካባቢ መገኘቱ የተለመደ ነው። እሱ ግን መራጭ ነው። አንዳንድ የአሚኖ አሲድ ዓይነቶችን፣ ፌኖሎችን፣ ድኝ ያለባቸውን ውህዶች ይወዳል፤ ሌላውን አልፎት ይሄዳል። ሃይድሮክሲል ራዲካል ምርጫ የለውም፤ እንደተራበ ሰው መጀመሪያ እጁ የገባውን ነው የሚበላው።

ይህ አለመምረጡ ነው ጉዱ። በሊትር 20 ሚሊግራም ኦርጋኒክ ካርቦን ያለበት ውሃ ይውሰዱ፤ ለተበከለ ወንዝ የተጋነነ አይደለም። እዚያ የተወለደ ራዲካል በሕይወት የሚቆየው ሁለት ማይክሮሰከንድ ገደማ ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ተንሳፍፎ የሚደርስበት ርቀት 150 ናኖሜትር ገደማ ነው፤ የአንድ ባክቴሪያ ርዝመት አንድ አስረኛ እንኳ አይሆንም። እናም እኛ እንዲያጠፋልን የምንፈልገውን የመድኃኒት ወይም የፀረ ተባይ ሞለኪውል ከማግኘቱ በፊት የሳሙና፣ የስብ፣ የበሰበሰ ቅጠል ፍርፋሪ ያገኘዋል። ባይካርቦኔትም ይሻማዋል። በስምጥ ሸለቆ ሶዳማ ሐይቆች፣ እንደ ሻላና አቢጃታ ባሉት፣ ካርቦኔቱ ከመብዛቱ የተነሳ ራዲካሉን ወደ ካርቦኔት ራዲካል ይለውጠዋል፤ ይህኛው ቀዝቀዝ ያለና በጣም መራጭ ነው። (የእነዚያ ሐይቆች ነገር ለብቻው ሰፊ ጽሑፍ ይወጣዋል፤ እዚህ አልገባበትም።)

ተማሪዎችዎ ራሳቸው እንዲያሰሉት አንድ ምሳሌ ልስጥ። ከላይ ካልኩት ትልቁን ቁጥር፣ በሊትር 60 ሚሊዮን ራዲካል እንውሰድ። ብክለቱም ራዲካሉ በነካው ቁጥር የሚሰበር ዓይነት ይሁን፤ የሪአክሽኑ ፍጥነት ቋሚ ቁጥር 5 ቢሊዮን በሞላር በሰከንድ ይሁን። ግማሹ ለመጥፋት ፀሐይ ያለ ዕረፍት ብታበራ እንኳ 16 ቀን ያህል ይወስዳል። ሌሊቱን፣ ማለዳውንና አመሻሹን ሲያወጡለት ከአንድ ወር ያልፋል። ይህም ለላይኛዋ ስስ ንጣፍ ብቻ ነው።

ጥልቀቱን እንጨምርበት። ቀለሙ የቀጠነ ሻይ የሚመስል ውሃ አልትራቫዮሌቱን በየ5 ሴንቲሜትሩ ወደ አንድ አስረኛ ቢያወርደው፣ 10 ሴንቲሜትር ላይ የሚደርሰው ከመቶ አንድ ነው። ዓይን የሚያየው ብርሃን ከዚህ ይዘልቃል፤ ስለዚህ የወንዙ ወለል ታየ ማለት አልትራቫዮሌቱ ወለሉ ደረሰ ማለት አይደለም። ግማሽ ሜትር ጥልቀት ያለው እንዲህ ያለ ውሃ ከላይ እስከ ታች ሲታሰብ የራዲካሉ አማካይ መጠን ከሃያ እጥፍ በላይ ይወርዳል። አንድ ወር የነበረው ዓመት አልፎ ይሄዳል። ውሃው ደግሞ ከከተማው ወጥቶ አባ ሳሙኤል ግድብ ለመድረስ ይህን የሚያህል ጊዜ አይፈጅበትም። ለተማሪዋ ጥያቄ መልሱ ባጭሩ ይኸው ነው።

ወቅቱም ሌላ ጣጣ አለው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ፀሐይ በቀጥታ ከአናታችን በላይ የምትቆመው በዓመት ሁለት ጊዜ ነው፤ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ገደማ። ከፍታ በጨመረ በየ1000 ሜትሩ አልትራቫዮሌት ወደ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ እኛ ከ2300 ሜትር በላይ ነን። ስለዚህ ብርሃን አላነሰንም። ነገር ግን ነሐሴ ክረምት ነው፤ ደመናው አለ፣ ወንዙ ጭቃ ተሸክሞ ቡና መስሎ ይወርዳል፣ ብርሃኑ ጣት ያህል ሳይገባ ይቀራል። በሚያዝያ ፀሐይ አለች፤ በበጋው ግን ወንዙ ውስጥ ከምንጭ ውሃ ይልቅ ፍሳሹ ይበዛል፣ ኦክስጅኑም የሚያልቀው ያኔ ነው። አንዱ ሲሟላ ሌላው ይጎድላል።

እስካሁን ያልኩት ፀሐይዋን ከንቱ ያስመሰላት እንደሆነ እዚህ ላይ ላስተካክል። አንዳንድ ኬሚካሎች የራዲካልን ደግነት አይጠብቁም፤ ራሳቸው ብርሃኑን ውጠው ይሰበራሉ። ለወገብና ለጉልበት ሕመም የምንውጠው ዲክሎፌናክ እንዲህ ነው። ስዊዘርላንድ ውስጥ ግራይፈንዜ በሚባል ሐይቅ እ.ኤ.አ. በ1998 በታተመ ጥናት፣ ወደ ሐይቁ የገባው ዲክሎፌናክ አብዛኛው እዚያው ሲጠፋ ዋናው ምክንያት የፀሐይ ብርሃን ሆኖ ተገኝቷል። ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ካርባማዘፒን ግን ፀሐይን ተቋቁሞ ረጅም መንገድ ይሄዳል። ሁለቱም ከአንድ ፋርማሲ ይወጣሉ፣ በአንድ ቱቦ ይፈሳሉ፣ ዕጣቸው ለየቅል ነው።

ከማጣሪያ የወጣ ፍሳሽ ኦርጋኒክ ቁስም ከረግረግ ውሃ ቁስ ይልቅ በአንድ በተዋጠ ብርሃን ብዙ ሲንግሌት ኦክስጅን እንደሚሰጥ በተደጋጋሚ ታይቷል። ላችና ማክኒል እ.ኤ.አ. በ2006 እንዳሳዩት ደግሞ ሲንግሌት ኦክስጅን ውሃው ውስጥ እኩል አይሰራጭም፤ የሚፈጠርበት የኦርጋኒክ ቁስ እምብርት ውስጥ መጠኑ ከውጭው ውሃ እጅግ ይበልጣል። ውሃን ሸሽተው ያ ቁስ ውስጥ የሚወሸቁ ቅባት ወዳጅ ኬሚካሎች የተሸሸጉ ይመስላሉ እንጂ የገቡት እሳቱ መሃል ነው።

«ታባብሳለች ወይ?» ለሚለው አዎ የሚያሰኝ ጉዳይም አለ። ትሪክሎሳን ባክቴሪያ ይገድላሉ በሚባሉ ሳሙናዎች ውስጥ ለረጅም ዓመታት ሲጨመር የኖረ ኬሚካል ነው፤ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2016 ከእጅና ከገላ ሳሙና እንዲወጣ ወስናለች። ብርሃን ሲመታው ከፊሉ በመርዛማነቱ የሚታወቀው የዲዮክሲን ቤተሰብ ወደሆነ ውህድ ይለወጣል። በሚሲሲፒ ወንዝ ላይ ባለው በፔፒን ሐይቅ ደለል ውስጥ የዚህ ዓይነት ዲዮክሲኖች ከትሪክሎሳን አጠቃቀም ታሪክ ጋር አብረው ሲጨምሩ ታይተዋል። ሞለኪውሉ «ጠፋ» ሲባል ወደ ምን ተለውጦ ጠፋ ብሎ መጠየቅ የሚገባው ለዚህ ነው።

ብረታ ብረቶች ጭራሽ አይጠፉም፤ አቶምን ራዲካል አይሰብርም። የቆዳ ፋብሪካዎች የሚለቁት ክሮሚየም በአብዛኛው ሦስት ቫለንት ነው፤ መርዛማው ስድስት ቫለንቱ ነው። ሃይድሮክሲል ራዲካል ሦስቱን ወደ ስድስት መግፋት ይችላል፤ ብርሃን የመታው ኦርጋኒክ ቁስና ሁለት ቫለንት ብረት ደግሞ ስድስቱን ወደ ሦስት ይመልሳሉ። ኦርጋኒክ ቁስ በሞላበት ውሃ የሚያሸንፈው አብዛኛውን ጊዜ መመለሱ ነው። ይህ መልካም ዜና ነው፤ ክሮሚየሙ ግን ደለሉ ውስጥ አለ፣ በዚያ ውሃ የሚጠጣ የቆስጣና የሰላጣ ማሳ አፈር ውስጥም አለ።

ፀሐይዋ በእርግጥ የምትሠራበትን ቦታ ማየት ከፈለጉ ከወንዙ ይልቅ የፍሳሽ ኩሬዎችን ይመልከቱ፤ ቃሊቲ ላይ ለብዙ ዓመታት ያገለገሉትን ዓይነት። የመጨረሻዎቹ ኩሬዎች ጥልቀታቸው አንድ ሜትር ገደማ ነው፤ ውሃው ለቀናት ይተኛባቸዋል። ከርቲስ፣ ማራና ሲልቫ እ.ኤ.አ. በ1992 እንዳሳዩት እዚያ የሰገራ ባክቴሪያዎችን የሚገድለው ብርሃን ብቻውን አይደለም። ቡናማው ቁስ ብርሃኑን ይውጣል፣ ኦክስጅን ይገኛል፣ አልጌዎቹም በቀን ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ስለሚጠቀሙበት የውሃው ፒኤች ከፍ ይላል፤ ሦስቱ ሲገናኙ ባክቴሪያው ይጎዳል። አቃቂ ላይ የሚጎድለው ነገር ሁሉ እዚያ ሆን ተብሎ ተመቻችቷል። የወስፋት እንቁላል ግን ለዚህ ደንታ የለውም፤ እሱን የሚያስወግደው ወደ ኩሬው ወለል መዝቀጡ ነው።

ሌላው በቤት የሚሠራበት ዘዴ ነው። አፍቲም አክራና ባልደረቦቹ ቤይሩት ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምረውት፣ በኋላ ከስዊዘርላንድ የተስፋፋው የጠርሙስ ዘዴ ንጹሕ ፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ ውሃ ሞልቶ 6 ሰዓት ፀሐይ ላይ ማጋደም ነው፤ ሰማዩ ከግማሽ በላይ ደመና ከሆነ ሁለት ቀን። ውሃው ድፍርስ መሆኑን ለማወቅ የሞላውን ጠርሙስ ጋዜጣ ላይ አቁመው በአፉ በኩል ወደ ታች ያዩታል፤ ርዕሱ ካልተነበበ መጀመሪያ መጣራት አለበት። ይህ ለጉድጓድ ወይም ለምንጭ ውሃ ተሕዋስያን ነው። የአቃቂን ውሃ ጠርሙስ ውስጥ አስገብቶ ፀሐይ ላይ ማስቀመጥ ኬሚካሉንና ክሮሚየሙን አያወጣም፤ እባክዎ ይህን ለተማሪዎቹ ደግመው ይንገሯቸው።

አባ ሳሙኤልን አልፎ አዋሽ ወንዝ የሚገባው ውሃ ቆቃ ሐይቅ ይደርሳል። እዚያ ጥያቄው ይገለበጣል፤ ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርጉት መርዘኛ ሳያኖባክቴሪያዎች (እንደ አልጌ በብርሃን የሚኖሩ ባክቴሪያዎች) ናቸው። ሳያኖባክቴሪያ ከሌሎች አልጌዎች ይልቅ ለሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ደካማ ነው። ኔዘርላንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2009 በአንድ ትንሽ ሐይቅ ላይ በሊትር 2 ሚሊግራም ፐሮክሳይድ ቢረጭ ሳያኖባክቴሪያው በቀናት ውስጥ 99 በመቶ ወደቀ፤ ሌሎች ፍጥረታት ብዙም አልተጎዱም። ሰው ይህን ሲሰማ «ታዲያ ፀሐይ ራሷ ፐሮክሳይድ ትሠራ የለም?» ይላል። ትሠራለች፤ ግን ከላይ እንዳልኩት በሊትር 10 ማይክሮግራም፣ ማለትም ከዚያ መጠን 200 ጊዜ ያነሰ። የተረጨውን በቆቃ ስፋት ማሰብም ቀልድ ነው፤ ከላይ ናይትሮጅንና ፎስፎረስ እየገባ እስከቀጠለ ድረስ ተመልሶ ይመጣል።

ለክፍልዎ አንድ ሙከራ ልጠቁም፤ የወንዝ ውሃ አያስፈልገውም፣ አያምጡትም። ከፋርማሲ ቢ ኮምፕሌክስ ታብሌት ይግዙ። ውስጡ ያለው ሪቦፍላቪን፣ ማለትም ቫይታሚን ቢ2፣ ልክ እንደ ወንዙ ቡናማ ቁስ ብርሃን ውጦ ሲንግሌት ኦክስጅን የሚሠራ ሞለኪውል ነው፤ ወተት ፀሐይ ላይ ሲቆይ ጣዕሙ የሚበላሸውም በእሱ ሳቢያ ነው። አንዱን ታብሌት ፈጭተው በውሃ ይበጥብጡትና በንጹሕ ጨርቅ ያጥሉት፤ ቢጫ ውሃ ያገኛሉ። በሦስት ተመሳሳይ የውሃ ፕላስቲኮች እኩል ይክፈሉት። አንዱን በአሉሚኒየም ፎይል ይጠቅልሉ፣ አንዱን እንዳለ ይተዉት፣ ሦስተኛው ላይ አንድ ማንኪያ የሸክላ አፈር ጨምረው በየጊዜው ይወዝውዙት። እኩለ ቀን ላይ አብረው ፀሐይ ላይ ያጋድሟቸው። ሳይጠቀለል የተተወው ቢጫነቱን ቶሎ ይለቃል፣ የተጠቀለለው እንዳለ ይቆያል፣ አፈር የገባበት ከሁለቱ መካከል ይሆናል። የሦስተኛውን ቀለም ለማነጻጸር አፈሩ እስኪዘቅጥ ጥላ ውስጥ ያቆዩት፤ ከሦስቱም በነጭ ብርጭቆ እየቀዱ ነጭ ወረቀት ላይ አስቀምጠው ይዩት። ታብሌቱ ባለ ቀለም ሽፋን ካለው ሽፋኑን ቀድመው በውሃ አጥበው ያስለቅቁት፤ አለበለዚያ የምታዩት የሽፋኑን ቀለም ነው።